የክርስትና ስሟ ማነው?

«የክርስትና ስሟ ማነው?» አሉኝ አባ።

ዝም አልኩ። ስለ እሷ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሳወራ ቆይቻለሁ። ስንት ብር እንዳስከፈለችኝ፣ ስልኳን መቼ እንዳጠፋች፣ ከመጥፋቷ በፊት ለማን ምን እንዳለች፣ ሁሉንም በቀንና በቁጥር ዘርዝሬያለሁ። የጫማ ቁጥሯን ቢጠይቁኝ እንኳ አውቃለሁ፣ 37 ነው። የክርስትና ስሟን ግን አላውቅም። አሥራ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ሱቅ ይዘን፣ ከአንድ ሳህን በልተን፣ አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም።

«እንግዲያው ፈልገሽ አምጪ» አሉኝ። «ስሟን ሳታውቂ እንዴት ልትጸልዪላት ነው?»

እኔ እኮ ልጸልይላት አልመጣሁም። ንስሐ ገብቼ፣ ቀኖናዬን ጨርሼ፣ ለፋሲካ ልቆርብ ነው የመጣሁት። ጊዜው 2010 ዓ.ም. ነው፣ የዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንት። እሷን ያነሳኋት አባ «የተቀየምሽው ሰው አለ?» ብለው ስለጠየቁኝ ብቻ ነው። በየዓመቱ ይጠይቁኛል። በየዓመቱ «የለም» እላለሁ። የዚያን ቀን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ አፌ አመለጠኝ። (ይህን የምጽፈው አባን አስፈቅጄ ነው። «የምትጽፊው የራስሽን ኃጢአት ነው፣ እኔ ምን አገባኝ» አሉኝ።)

ነገሩ እንዲህ ነው።

እዚህ ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ አንሶላና መጋረጃ እሸጥ ነበር። እሷ ከጎኔ የልጆች ልብስ ትሸጣለች። በ2004 ዓ.ም. አንድ የነጋዴ እቁብ ገባን። አርባ ሰው ነው፣ በየእሁዱ አንድ አንድ ሺ ብር። በስድስተኛው ሳምንት እጣው ለእሷ ወጣ። አርባ ሺ ብር! እቁብ የገባ ሰው ያውቃል፣ ቀድሞ የደረሰው ሰው ዋስ ሳይጠራ ብሩን አይነካም። ዋሷ እኔ ሆንኩ። ማን ይሁን ታዲያ? እየሳቅኩ ነው የፈረምኩት።

ሦስት እሁድ ከፈለች። በአራተኛው ሱቋ ተዘግቶ አገኘሁት። ጅቡቲ ገባች አሉ። ስልኳ አይሠራም። የእቁቡ ሰብሳቢ ጨዋ ሰው ነው፣ አልጮኸብኝም። ወረቀቱን አወጣና ፊርማዬን አሳየኝ። ሠላሳ አንድ እሁድ ይቀራል። የራሴን አንድ ሺ ከፍዬ፣ የእሷን አንድ ሺ ደርቤ፣ ሠላሳ አንድ እሁድ።

ሌባ ሱቄን ሰብሮ ቢወስደው ኖሮ ይሻለኝ ነበር። አንዴ ታለቅሻለሽ፣ ያልፋል። ይሄ ግን በየሳምንቱ ነው። ቅዳሜ ማታ ብሩን ስቆጥር ፊቴ ድቅን ትላለች። እሁድ ጠዋት የቅዳሴ ጸበል ጠጥቼ አፌ ሳይደርቅ ወደ እቁቡ እሄዳለሁ። መጀመሪያ ለልጄ ትምህርት ቤት የያዝኩትን ነካሁ። ከዚያ የሱቁን መነሻ። ከዚያ ብድር። የራሴ እጣ የወጣ ቀን ብሩን ይዤ በቀጥታ ወደ አበዳሪዎቼ ነው የሄድኩት።

ሰው ስለ እሷ ሲጠይቀኝ የምመልሰው አንድ ነገር ነበር። «ለእግዜር ሰጥቻታለሁ።»

አማርኛ የሚሰማ ሰው ይህች ቃል ትገባዋለች። ይቅር ብያታለሁ ማለት አይደለም። እኔ አቅም አጣሁ፣ አቅም ላለው አሳልፌ ሰጠኋት፣ የሚመጣባትን ታየዋለች ማለት ነው። «እግዜር ይይላት» የምንለውም ያው ነው። ላዩ ጸሎት ይመስላል። ስድብ የለበትም፣ ሰው ፊት አያሳፍርም፣ እንዲያውም «እንዴት ያለች ታጋሽ ናት» ያስብላል። ውስጡ ግን ክስ ነው። ሌባ ይዞ ጣቢያ እንደማስረከብ ያለ።

ክሱን ደግሞ በደንብ ነበር የምከታተለው። ዳዊት እደግም ነበር። ዳዊት በሳምንቱ ቀናት የተከፋፈለ ነው፣ መዝሙር 34 የማክሰኞ ነው (በአንዳንዱ መጽሐፍ ቅዱስ 35 ተብሎ ነው የሚገኘው)። እኔ ግን በየቀኑ እደግመዋለሁ። «የሚበድሉኝን በድላቸው፣ የሚዋጉኝን ተዋጋቸው» ብሎ ነው የሚጀምረው። ጋሻና ጦር ያዝ ይላል። መንገዳቸው ጨለማና ድጥ ይሁን ይላል። እስከ ስምንተኛው ቁጥር በቃሌ ነው። ከዚያ በታች ያለውን እሮጥበታለሁ፣ ለእኔ ጉዳይ የሚሆን አልመሰለኝም።

ለቁልቢ ገብርኤልም ተሳልኩ። ድሬ ተወልዶ ያደገ ክርስቲያን ለቁልቢ ያልተሳለው ነገር የለም። ልጅ፣ ቪዛ፣ ፈተና፣ ትዳር። እኔ የተሳልኩት «መጨረሻዋን ካሳየኸኝ ጃንጥላ አስገባለሁ» ብዬ ነው። ይህን ለአባ ስነግራቸው መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ጠፋ።

«ታኅሣሥ 19 ምንድነው የሚከበረው?»

«ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣበት።»

«ሐምሌ 19ስ?»

«ቂርቆስና ኢየሉጣን ከፈላው ጋን...»

«ታዲያ አንቺ ሰው ወደ እሳት እንዲከትልሽ ነው ጃንጥላ የተሳልሽለት?»

ምን ይመለሳል?

የሰጡኝ ቀኖና አጭር ነው። እስከ ትንሣኤ ድረስ፣ ማታ ማታ፣ አባታችን ሆይ በይ። «በደላችንንም ይቅር በለን» የሚለው ላይ ስትደርሺ ቁሚ። በክርስትና ስሟ ጥሪያት። ለልጅሽ የምትለምኚውን ለእሷ ለምኚላት። ከዚያ ቀጥዪ። ሦስት ስግደት ስገጂ። በቃ። መቶ ስግደት ቢያዙኝ እመርጥ ነበር፣ ስግደት ጉልበት ነው የሚፈልገው።

ስሟን የሚያውቅ ሰው ስፈልግ እናቷ ብቻ ናቸው የታሰቡኝ። ገንደ ቆሬ ነው የሚኖሩት። ስድስት ዓመት በሰፈራቸው አላለፍኩም። ባጃጅ ስይዝ እንኳ ሹፌሩን «በዚያ አትሂድብኝ» እለው ነበር። ስምንት ቀን አመነታሁ። መፃጉዕ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ እግሬ ራሱ ወሰደኝ። የዚያን ቀን ስብከቱ 38 ዓመት አልጋ ላይ ስለተኛው ሰው ነበር። ሰባኪው ስለ እምነት ይናገራል፣ እኔ ስድስትን ከሠላሳ ስምንት እየቀነስኩ ስንት እንደሚቀረኝ አሰላለሁ። ነጋዴ ነኝ፣ ምን ላድርግ።

በሩን የከፈቱት እናቷ ናቸው። ሲያዩኝ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ልጄ፣ እኔ ዘንድ ምንም የለም» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ።

«ለገንዘብ አይደለም የመጣሁት እማዬ።»

«ታዲያ ለምንድነው?»

ለመናገር አፈርኩ። «የክርስትና ስሟን እንዲነግሩኝ ነው።»

አሁን ደግሞ ፍርሃታቸው ባሰ። ያገራችን ሰው የክርስትና ስሙን ለማንም አይሰጥም። ስምና የእናት ስም የያዘ መተተኛ ምን እንደሚሠራበት እየተባለ ነው ያደግነው። ሴትዮዋ ነጠላቸውን ሰብስበው ቆሙ። «ልታስደግሚባት ነው?» አሉኝ።

ልቆጣ አሰብኩ። እንዴት እንዲህ ያስቡኛል ልል አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ስደግምባት አልነበር እንዴ የከረምኩት? ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ያውም በዳዊት። ስም አልያዝኩም እንጂ።

«ለጸሎት ነው» አልኩ። አላመኑኝም። አባ ጋ አስደወሉኝና ራሳቸው አናገሯቸው። ስልኩን ሲመልሱልኝ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። ቡና ካላፈላሁ አሉ። በዚያ ቡና ላይ ነው ከጅቡቲ ወደ ቤሩት እንደሄደች የሰማሁት። ለምን እንዲያ ሆና እንደወጣች አልጠየቅኩም። እሳቸውም ሊነግሩኝ አልሞከሩም። ዛሬም በቅጡ አላውቀውም።

ስሟን እዚህ አልጽፈውም። «ወለተ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ልጅ ማለት ነው። የእገሌ ልጅ።

እስቲ ስለ ጸሎቱ ላውራ። ሰው «ጸለይኩ፣ ልቤ ቀለለ» ሲል እሰማለሁ። እውነት ይሆናል። የእኔ ግን እንደዚያ አልነበረም። የመጀመሪያው ሳምንት አፌ ብቻ ነው የሚንቀሳቀስ። «በደላችንንም ይቅር በለን» እላለሁ፣ እቆማለሁ፣ ስሟን እጠራለሁ፣ ከዚያ ባዶ። ለልጄ የምለምነውን ለእሷ? ለልጄ ጤና፣ ሲሳይ፣ ከክፉ ሰው መጠበቅን ነው የምለምነው። «ከክፉ ሰው ጠብቃት» ስል በሆዴ «ክፉዋ ማን ሆነችና» እላለሁ። በጸሎት መካከል የሚከራከር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ።

አንድ ማታ በአማርኛው እንቢ ሲለኝ በልጅነቴ በተማርኩት በግእዙ ሞከርኩት። «ኅድግ ለነ አበሳነ ወጌጋየነ፣ ከመ ንሕነኒ ንኅድግ ለዘአበሰ ለነ።» ስንት ሺ ጊዜ ብዬዋለሁ። የዚያን ማታ ግን ሁለት ነገር አየሁ። አንደኛው «ለዘአበሰ» የሚለው ነው። አማርኛው «የበደሉንን» ይላል፣ ብዙ ሰው ነው፣ ለብዙ ሰው ይቅር ማለት አይከብድም፣ ማንም ማን አይደለም። ግእዙ ግን ለነጠላ ነው። የበደለን። አንድ ሰው። ጫማ ቁጥሯ 37 የሆነ።

ሁለተኛው «ኅድግ» ነው። ተው ማለት ነው። የኛው «ይቅር»ም እኮ ከ«ቀረ» ነው የመጣው። ሲያስታርቁን «ይቅር ለእግዚአብሔር» እንላለን። ነገሩ ይቅር፣ ይተው፣ ለእግዚአብሔር ሲባል። አልተጎዳሁም ማለት አይደለም። ወደድኩሽ ማለትም አይደለም። ክሱ ይነሣ ነው። ለካ እኔም «ለእግዜር ሰጥቻታለሁ» ስል ግማሹን ልክ ነበርኩ። መስጠቱን ሰጥቻታለሁ። የሰጠሁት እንዲቀጣልኝ መሆኑ ነው ችግሩ። ጸሎቱ እሷን ከእግዜር እጅ አላወጣትም። የለወጠው እኔ ለምን እንዳስረከብኳት ነው።

ጌታ አባታችን ሆይን ካስተማረ በኋላ ተመልሶ ያብራራው አንድ ልመና ብቻ ነው። ስለ እንጀራው አልተመለሰም፣ ስለ ፈተናው አልተመለሰም። ማቴዎስ 6 ላይ ቁጥር 14ና 15 ስለ ይቅርታው ነው። ለሰዎች ይቅር ካላላችሁ አባታችሁም ይቅር አይላችሁም። ማርቆስ 11፥25 ላይ ደግሞ ለጸሎት በቆማችሁ ጊዜ ይቅር በሉ ይላል። በቆማችሁ ጊዜ። መጀመሪያ ሄዳችሁ ልባችሁን አጽዱና ተመልሳችሁ ቁሙ አላለም። እኔ ሁልጊዜ የሚመስለኝ ይቅር ያለ ሰው ነው ሊጸልይ የሚችለው ነበር። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፣ ወይም ቢያንስ አንድ ላይ ነው የሚሆነው። መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድና ከወንድምህ ታረቅ የሚለው ቃል ሌላ ነው፣ እሱ ወንድምህ ባንተ ላይ ቅሬታ ሲኖረው ነው። የተበደለ ሰው ግን እዚያው ቆሞ መጀመር ይችላል። ያውም በዳዩ ቤሩት ከሆነ የት ይሄዳል? ሽማግሌ ለማስቀመጥ እንኳ ሁለት ሰው ያስፈልጋል።

አሥራ ሁለተኛው ወይ አሥራ ሦስተኛው ማታ ይመስለኛል። ስሟን ጠርቼ እንደተለመደው ባዶ ሆኜ ስቆም፣ ያልጠራሁት ነገር መጣ። ውሃ።

1998 ዓ.ም.፣ ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ። ድሬዳዋ የኖረ ሰው ይህን ቀን ማስታወሻ አያሻውም። የደቻቱ ወንዝ በሌላ ጊዜ አሸዋ ነው፣ ሰው ይሻገረዋል፣ ይነገድበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። የዚያን ሌሊት ዝናቡ ከላይ ከተራራው ነው የመጣው፣ ሰው ተኝቶ ሳለ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። እኛ ያኔ ወንዙ ዳር ነበርን። ባለቤቴ ለሥራ ሄዷል፣ ልጄ ሁለት ዓመቷ ነው፣ እናቴ በእግሯ አትሄድም። ውሃው በሩ ላይ ሲደርስ የደረሰችልን እሷ ናት። ከላይ ሰፈር ሮጣ መጣች፣ በባዶ እግሯ። ልጄን በነጠላ አዝላ፣ እናቴን ከእኔ ጋር ግራና ቀኝ ይዘን ወጣን። ጠዋት ስናየው ቤቱ ግማሹ የለም። ልጄ ጀርባዋ ላይ ተኝታለች።

ይህን ረስቼው ነበር ብል ማን ያምነኛል? ግን ረስቼው ነበር። ወይም ሌላ ሰው ያደረገው ይመስል ለብቻው አስቀምጬው ነበር። ቂም ሰውን ያሳንሳል፣ ከአንድ ፊርማ አያስበልጠውም። ስድስት ዓመት እሷ ለእኔ 31,000 ብር ነበረች። ስሟን እየጠራሁ መቆም የጀመርኩ ጊዜ ቀሪው እሷነቷ ቀስ እያለ ተመለሰ። ሳቋ፣ ደንበኛ ስትሸኝ የምትለው ነገር፣ ነጭ ሽንኩርት መጥላቷ፣ ጀርባዋ።

አልዋሻችሁም፣ በዚያው ማታም ተናደድኩ። እንዲህ ያደረገች ሴት እንዴት እንዲያ ታደርገኛለች ብዬ።

በማግስቱ ማክሰኞ ነበር። ዳዊቱን ገለጥኩና መዝሙር 34ን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልሮጥ እስከ ታች አነበብኩት። ቁጥር 13 ላይ ቆምኩ። እነሱ ሲታመሙ እኔ ማቅ ለበስኩ፣ ነፍሴን በጾም አደከምኳት፣ ጸሎቴም ወደ ብብቴ ተመለሰ ይላል። ያ ጦር የሚያነሳው ሰው፣ ለእነዚያው ለጠላቶቹ ጾሞ የጸለየ ሰው ነው! ስድስት ዓመት ስደግመው ይህ አረፍተ ነገር እዚያው ተቀምጦ ነበር። ጸሎቱ ወደ ብብቱ መመለሱን ሊቃውንት እንዴት እንደሚተረጉሙት ለእነሱ ልተወው። እኔ የገባኝ በራሴ ነው። ለእሷ የለመንኩት ጤና ቤሩት ይድረስ አይድረስ አላየሁም። እኔ ግን ሌሊት መተኛት ጀመርኩ።

ኢዮብንም አሰብኩ። ኢዮብ ምርኮው የተመለሰለት ለራሱ ሲጸልይ አይደለም። መጽሐፉ የሚለው ስለ ወዳጆቹ በጸለየ ጊዜ ነው (42፥10)። ወዳጆቹ ደግሞ እነማን እንደሆኑ እናውቃለን። ቁስሉን እያከከ አመድ ላይ ተቀምጦ ሳለ «ኃጢአት ሠርተህ ነው» እያሉ ያደረቁት። እኔ ብሆን ለእነሱ የምጸልየው መጨረሻ ላይ ነው።

አሁን ስለ ገንዘቡ። ሰው ይቅርታን ሲሰብክ በደሉን ያቃልለዋል። «ምንም አይደለም፣ ተይው፣ ገንዘብ ይመጣል ይሄዳል» ይላል። ይሄ ያናድደኛል። ማቴዎስ 18 ላይ ያለው ምሳሌ እንደዚያ አይልም። ባሪያው ለጌታው እልፍ መክሊት አለበት፣ ለዚያ ባሪያ ደግሞ ባልንጀራው መቶ ዲናር አለበት። ብዙ ሰባኪ መቶ ዲናሩን «ሳንቲም» ያደርገዋል። አንድ ዲናር ግን የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነው፣ እዚያው ማቴዎስ 20 ላይ ተጽፏል። መቶ ዲናር ማለት ሰንበትን ትተን የአራት ወር ገደማ ልፋት ነው። አራት ወር የለፋበትን የተነጠቀ ሰው ቢያንቅ አይገርመኝም። ምሳሌው ዕዳው የለም አላለም። አለ፣ ከባድም ነው። ብቻ ሌላውን ዕዳ አስቡት ነው። አንድ መክሊት 6,000 ዲናር ነው። እልፍ መክሊት 60 ሚሊዮን የሥራ ቀን። በካልኩሌተሬ መታሁት፣ ከ160,000 ዓመት በላይ ይወጣል። ያ ባሪያ ደግሞ «ታገሠኝ፣ ሁሉንም እከፍልሃለሁ» ነው ያለው። ምን ያለ ደፋር ነው። እኔም በየማታው ስሰግድ እንደዚያው ስል ነበር መሰለኝ።

ሌላ የማልወደው ስብከት አለ፣ በአጭሩ ልናገርና ልለፈው። ባሏ የሚደበድባትን ሴት «ይቅር በይና ተመለሽ» የሚል። ይቅር ማለትና መመለስ አንድ አይደለም። ጸሎት ከሩቅም ይደርሳል፣ በር ቆልፎም ይጸለያል። እኔም እሷ ዛሬ መጥታ «ዋስ ሁኚኝ» ብትለኝ አልሆናትም። ቡና ግን አፈላላታለሁ።

ስቅለት መጋቢት 28 ዋለ። በዚያ ወር የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ግቢው ውስጥ ነው የምንሰግደው፣ ምንጣፉ ራሱ ያቃጥላል። ኪርያላይሶን እያልን እንወድቃለን፣ እንነሣለን። ላብ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ያቃጥለኛል። ከሉቃስ ወንጌል ሲነበብ «አባት ሆይ፣ የሚያደርጉትን አያውቁምና ይቅር በላቸው» የሚለው ደረሰ። በየዓመቱ እሰማዋለሁ። የዚያን ዓመት ግን ጆሮዬ የያዘው ሌላ ነገር ነው። «ይቅር ብያችኋለሁ» አላለም። ወደ ሰዎቹ ዞሮ አልተናገረም። ወደ አባቱ ነው የተናገረው። ይቅርታው ራሱ ጸሎት ነው። እስጢፋኖስም በድንጋይ ሲወግሩት ተንበርክኮ «ጌታ ሆይ፣ ይህን ኃጢአት አትቁጠርባቸው» ነው ያለው። ለወጋሪዎቹ አላወራም። ልብሳቸውን እየጠበቀላቸው ሳውል የሚባል ጎልማሳ ቆሟል፣ በኋላ ጳውሎስ የሆነው።

ይሄ ለእኔ ትልቅ እረፍት ነው የሆነው። ይቅር ለማለት እሷን ማግኘት አላስፈለገኝም። እሷ ጥፋቷን ማመን፣ ማልቀስ፣ መመለስ አላስፈለጋትም። ልቤም ተስማምቶ እስኪጨርስ መጠበቅ አላስፈለገኝም። ለአባቷም ለአባቴም ለሆነው ነው የምናገረው።

ለትንሣኤ ቆረብኩ። ጃንጥላውንም ታኅሣሥ 19 ወስጄ ለቁልቢ አስገባሁ። ስለቱን አባ ፈትተውልኝ ነበር፣ ግን ዕዳ አልወድም። በደንገጎ ዳገት አውቶቡሱ ሲያቃስት ጃንጥላውን አቅፌ ስሟን እየጠራሁ ነበር የሄድኩት።

ጎረቤቴን ላስተዋውቃችሁ፣ ያለ እሷ ይሄ ነገር አይጨረስም። ሙስሊም ናት፣ ከእኔ ትንሽ ታንሳለች፣ አፏ አያርፍም። ማታ ማታ ሙቀቱን ሽሽት ሁላችንም ግቢ ነን፣ መስኮት አይዘጋም፣ የማይሰማ ነገር የለም። በዚያ ጾም አንድ ማታ «እናትዬ፣ በየቀኑ የምትጠሪያት ሴት ማናት?» አለችኝ። ነገርኳት። «አ! አፉ ልትያት ነው» አለች ቶሎ ገብቷት። አፉ ማለት ይቅር ማለት ነው። እነሱ ረመዳን ሲገባ ቤት ለቤት ዞረው «አፉ በሉኝ» ይባባላሉ። «እኔ የሚከብደኝ አፉ በሉኝ ማለቱ አይደለም» አለችኝ። «አፉ ብያለሁ ካልኩ በኋላ ሰውየውን ገበያ ላይ ሳገኘው ነው።»

ይህች ቃሏ በ2013 ዓ.ም. መስከረም ላይ መጣችብኝ። ዋስ የሆንኩላት የዚያች ሴት እናት ሱቄ ድረስ በባጃጅ መጡ። ቦርሳቸውን ከፍተው በወረቀት የተጠቀለለ ብር ሰጡኝ። አምስት ሺ ብር። «ላከችልሽ» አሉኝ። «ቀስ እያልኩ እከፍላለሁ ብላለች።» እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ነው።

እኔ ምን አልኩ? እግዜር ይስጥልኝ አልኩ? ደህና ናት ወይ አልኩ?

«ሃያ ስድስት ሺ ይቀራል» ነው ያልኩት።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እኔም ሰማሁት። እናቷ ራሳቸውን ነቅንቀው «አውቃለሁ ልጄ» አሉና ወጡ። እኔ ደግሞ እዚያው ቆሜ የበለጠ ሳሰላ ዋልኩ። የ2004ቱ ሠላሳ አንድ ሺ ዛሬ ስንት ነው? አምስት ሺ ዛሬ ስንት አንሶላ ይገዛል? እስከ ማታ ድረስ ልቤ ውስጥ የእቁቡ ወረቀት ተዘርግቶ ዋለ። ሰባ ጊዜ ሰባት የተባለው ሰባ ዓይነት በደል ለሚበድል ሰው ይመስለኝ ነበር። ለካ ለአንዱ በደልም ነው። ያንኑ ሠላሳ አንድ ሺ እንደገና፣ ያንኑ እንደገና።

ማታ ለጸሎት ቆምኩ። «በደላችንንም ይቅር በለን» ላይ ስደርስ ምላሴ ተሳሰረ። እንደ መጀመሪያው ሳምንት። ጧፉ ይነዳል፣ እኔ ቆሜያለሁ። ነገ ጠዋት ገንደ ቆሬ ሄጄ እናቷ እግር ላይ መውደቅ እንዳለብኝ አውቄዋለሁ። ይህም ሌላ ዕዳ።

«ምነው ዛሬ ዝም አልሽ?» አለች ጎረቤቴ ከግቢው።

«እንቢ አለኝ።»

«አፉ ብለሻት አልነበር እንዴ?»

«ብያት ነበር።»

«ታዲያ?»

«አምስት ሺ ላከችልኝና ቀሪው ትዝ አለኝ።»

ሳቋን ለቀቀችው። «አቦ ባትልክልሽ ይሻል ነበራ!»

እኔንም ሳቄ አመለጠኝ፣ ጸሎት ላይ ቆሜ። ጧፉ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል። ነጠላዬን አስተካከልኩና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። አባታችን ሆይ፣ በሰማያት የምትኖር...